የቴሌኮም ሠራተኛ ሊንክድኢን ላይ ምን ያህል ያጋራል? እንዴትስ ይለካል?

ጥያቄ፦ «ጎንደር በሚገኝ የአንድ ቴሌኮም ድርጅት ቅርንጫፍ በኮሙኒኬሽን ክፍል እሠራለሁ። 140 ቋሚ ሠራተኞች አሉን። ኃላፊያችን ‹ሠራተኛው ሊንክድኢን ላይ ተኝቷል፤ ከዚህ ወር ጀምሮ ሁሉም የድርጅቱን ፖስት በየሳምንቱ ሼር ያድርግ፤ አንተም በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት አቅርብ› አሉኝ። ስንት ሰው ቢያጋራ ነው ጥሩ የሚባለው? በምን ልለካው? ማስገደዱስ ያዋጣል?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሳ። ማስገደዱ አያዋጣም። ይህን የምልዎት ሠራተኛው ያኮርፋል ብዬ ብቻ አይደለም፤ ሊለኩት ያሰቡትን ነገር ራሱን ስለሚያበላሽብዎት ነው። በትእዛዝ የተጋራ ፖስት ሪፖርት ላይ ቁጥር ይሞላል እንጂ ሰው ዘንድ አይደርስም። ሠራተኛው የሪፖስት ቁልፉን ብቻ ሲጫን ወዳጆቹ የሚያዩት የድርጅቱን ፖስት ነው፤ የእሱ ቃል የለበትም። ላይኩም ኮሜንቱም የሚመዘገበው ለዋናው ፖስት ነው። በዚያ ላይ የአንድ ቅርንጫፍ ሰዎች ትውውቃቸው የተደራረበ ነው። አንድ ከተማ የሚኖሩ፣ አንድ ቢሮ የሚውሉ፣ ብዙዎቹም እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማሩ 40 ሰዎች ያንኑ ፖስት በአንድ ጠዋት ቢያጋሩት አንዱ የሌላውን ያያል እንጂ አዲስ ዓይን አይገኝም።

ሌላም አለ። የሊንክድኢን ገጽ በአገልግሎት ውሉ መሠረት የከፈተው ሰው ነው፤ የድርጅቱ አይደለም። ሠራተኛው ሲለቅ ገጹንም ትውውቁንም ይዞ ይሄዳል። የይለፍ ቃል ሰብስቦ አንድ ሰው ለሁሉም እንዲለጥፍ ማድረግ ከውሉ ጋር ይጋጫል፣ ገጽም ያሳግዳል። ኃላፊዎ ማዘዝ የሚችሉት በድርጅቱ ገጽ ላይ ነው፤ በሠራተኛው ገጽ ላይ ግን ከመጋበዝ ያለፈ ሥልጣን የላቸውም።

ስንት ቢሆን ጥሩ ነው ለሚለው ሁለት ቁጥሮች መነሻ ይሁኑዎት። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ጄኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ኢንተርኔት ማኅበረሰቦች ያስቀመጠው የታወቀ ግምት አለ፤ ከመቶው 90ው አንብቦ ያልፋል፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋል፣ አብዛኛውን የሚጽፈው 1ዱ ነው። ሊንክድኢን በበኩሉ ለድርጅቶች ባዘጋጀው የማስተዋወቂያ ጽሑፍ የድርጅታቸውን ይዘት የሚያጋሩ ሠራተኞች 3 በመቶ ገደማ እንደሆኑ፣ እነዚህ ጥቂቶች ግን ይዘቱ የሚያገኘውን ላይክ፣ ኮሜንትና ሼር በ30 በመቶ እንደሚጨምሩለት ይናገራል። ይህ የሻጭ ቁጥር ነው፤ ከቴሌኮም ወይም ከኢትዮጵያ የተወሰደም ስላልሆነ ግብ አያድርጉት። ግን አንድ ነገር ያሳያል። ከ140 ሰው 12ቱ በሩብ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ካጋሩ 8.6 በመቶ ነው፤ እንዲህ ያለው ቅርንጫፍ ተኝቷል አይባልም። ኃላፊዎ የሚያዩት ዝምታ በየትም አገር ያለ ዝምታ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው ከመቆጣት በፊት መቁጠር የሚያስፈልገው።

አቆጣጠሩ

ቁጥሩን በምን ላይ እንደሚያካፍሉት አስቀድመው ይወስኑ። አራት ቁጥር ይያዙ፤ ጠቅላላ ሠራተኛ፣ ገጽ ያለው ሠራተኛ፣ በሩብ ዓመቱ ላይክም ቢሆን አንድ ነገር ያደረገ፣ በሩብ ዓመቱ ቢያንስ አንዴ ያጋራ። ለማሳያ ያህል 140፣ 84፣ 31 እና 12 ናቸው እንበል። 12ን ለ140 ቢያካፍሉ 8.6 በመቶ፣ ለ84 ቢያካፍሉ 14.3፣ ለ31 ቢያካፍሉ 38.7 ይመጣል። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ሦስቱም የሚሉት ግን የተለያየ ነገር ነው። የትኛውን እንደተጠቀሙ በጽሑፍ ካላስቀመጡ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ላይ ሌላ ሰው በሌላው አካፍሎ «በእጥፍ አደግን» ይላል።

84ቱን የድርጅቱ ገጽ ላይ «ፒፕል» ከሚለው ክፍል አይውሰዱ። እዚያ የሚታየው ራሱን «እዚህ እሠራለሁ» ብሎ ያስመዘገበ ሁሉ ነው። ከዓመታት በፊት የለቀቀና ገጹን ያላደሰ አለበት፤ የወኪል ሱቅ ሠራተኛ፣ የኮንትራክተር ሠራተኛ፣ ለተግባር ልምምድ ሁለት ወር የመጣ ተማሪም ይኖርበታል። በአንጻሩ ድርጅቱ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ከ2003 ዓ.ም በፊት የነበረውን የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ስም እንደጻፈ የቀረ ነባር ሠራተኛ ወይም የድርጅቱን ስም በእጁ ጽፎ ከዋናው ገጽ ጋር ያላያያዘው ሰው አይታይበትም። ትክክለኛው መንገድ ከሰው ኃይል ክፍል የስም ዝርዝር ወስዶ፣ ሠራተኛውን «ገጽ አለህ? ለቆጠራው ብናየው ፈቃደኛ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አድካሚ ነው፤ ግን አንዴ ከሠሩት በኋላ የሚቀረው አዲስ የገባውንና የለቀቀውን ማስተካከል ብቻ ነው።

ከዚያ እያንዳንዱ ገጽ ላይ «አክቲቪቲ» የሚለውን ከፍተው ፖስቱን፣ ኮሜንቱንና ሪአክሽኑን ለየብቻ ይቆጥሩ። ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ ቢይዙ 84 ሰው 252 ደቂቃ፣ አራት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ይህን በራሱ የሚለቅም ፕሮግራም አለ ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ አይቀበሉት። ሊንክድኢን እንዲህ ያለውን ለቀማ በውሉ ይከለክላል፤ የሚታገደውም ቆጠራውን ያዘዙት ኃላፊ ሳይሆኑ የተጠቀሙበት የእርስዎ ገጽ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ሊንክድኢን ፖስት የወጣበትን ቀን በቁርጥ አያሳይም፤ «3 ሳምንት»፣ «2 ወር» እያለ ነው የሚያሳየው። ሦስት ወር ሲሞላ አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው ቢቆጥሩ «3 ወር» የሚለው ፖስት ከሩብ ዓመቱ ውስጥ ይሁን ከውጭ አይለዩትም። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ይቁጠሩ። ያመለጠዎትን ደግሞ መልሰው ማግኘት ይችላሉ። የፖስቱን ሊንክ ኮፒ ሲያደርጉ 19 አኃዝ ያለው ቁጥር ያገኙበታል። ቁጥሩን ወደ ባይነሪ (በ0 እና በ1 ብቻ ወደሚጻፍ ቁጥር) ቀይረው የመጀመሪያዎቹን 41 ቢቶች (አኃዞች) ወስደው ወደ ተራ ቁጥር ቢመልሱት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፤ የወጣበትን ደቂቃ ሳይቀር ያውቁታል። ኔትወርክ ክፍል ያለ አንድ መሐንዲስ ይህን በኤክሴል ቀመር በግማሽ ሰዓት ይሠራልዎታል። አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ኤክሴል ከ15 አኃዝ በላይ ያለን ቁጥር መጨረሻውን ወደ ዜሮ ስለሚቀይረው ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ አድርገው ያስገቡት።

ሲመዘግቡ ዓይነቱን ይለዩ። ባዶ ሪፖስት፣ የራሱን ሐሳብ ጨምሮበት የተጋራ፣ ከራሱ የመነጨ ፖስት፣ ኮሜንት፣ ላይክ፤ አምስቱም የየራሳቸው አምድ ይኑራቸው። «ፖስት 5 ነጥብ፣ ሪፖስት 2 ነጥብ፣ ላይክ 1 ነጥብ» ብሎ መደመር የተለመደ ነው፤ እኔ አልመክረውም። ነጥቡን ያወጣው ሰው ግምት ከውጤቱ በላይ ይገንናል፣ ሠራተኛውም በላይክ ብቻ ነጥብ መሰብሰብ ይጀምራል።

አማካይም ያታልላል። የ12ቱ ሰዎች ቁጥር 38፣ 7፣ 5፣ 3፣ 3፣ 2፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1፣ 1 ነው እንበል። ድምሩ 66፣ አማካዩ 5.5 ነው። «ሠራተኞቻችን በሩብ ዓመት አምስት ስድስት ጊዜ ያጋራሉ» ብለው ቢጽፉ ከ12ቱ ዘጠኙ ያላደረጉትን አደረጉ እያሉ ነው። መሐል ላይ ያለው ቁጥር፣ ማለትም ሚዲያኑ፣ 2 ነው። 38 ያደረገው አንድ ሰው ዓመት ፈቃድ የወጣ ዕለት የቅርንጫፉ «ንቃት» ከግማሽ በላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሚዲያኑን ይጻፉ፣ ከእሱ ጎን ያጋሩትን ሰዎች ብዛት ያስቀምጡ፣ ድምሩን ከፈለጉ በመጨረሻ ያክሉት።

ሩብ ዓመትዎ በኢትዮጵያ በጀት ዓመት ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ከሌሎቹ እኩል አይደለም። ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30 ጳጉሜን ስላለበት 95 ቀን ነው፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት 96። ሌሎቹ 90 ናቸው። የድርጅቱን ገጽ አሀዝ ሲያወርዱ ቀኑ የሚመጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከጁላይ 8 እስከ ኦክቶበር 10 ብለው ይቁረጡት፤ ከዘመን መለወጫው ጋር አንድ ቀን የሚሸጋሸግበት ዓመት እንዳለ አይርሱ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ የቆየባቸውን ወራት ደግሞ ለማነጻጸሪያ አይጠቀሙ። ዋይፋይ ያለው ቢሮ ሠራተኛና በስልኩ ብቻ የሚገባው የሜዳ ቴክኒሺያን በዚያ ጊዜ እኩል አልነበሩም፤ «ከዚያ ወዲህ በሦስት እጥፍ አደግን» የሚል ሪፖርት የሚያሳየው የዳታውን መመለስ ነው።

የሰው ስም ከሪፖርቱ ውጭ ይሁን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ቴሌኮም ደግሞ የባለሥልጣኑ ዋነኛ ተቆጣጣሪነት ያለበት ዘርፍ ነው። መዝገቡን በኮድ ይያዙ፣ ለኃላፊው በክፍል ደረጃ ብቻ ያቅርቡ፤ አንድ ክፍል ከአምስት ሰው በታች ከሆነ ከሌላ ጋር ያዋህዱት፤ ያለበለዚያ ቁጥሩ ራሱ ሰውየውን ይጠቁማል።

ለምን ዝም ይላሉ?

ይህ የጉዳዩ ልብ ነው። አንድ የፋይበር ቴክኒሺያን ሊንክድኢን ላይ የማይጽፈው የሚጽፈው ስለሌለው አይመስለኝም። ሦስት ነገር ይይዘዋል።

አንደኛው፣ የተፈቀደውንና የተከለከለውን አያውቅም። የቴሌኮም ሥራ ከደኅንነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ሲቀጠር ምስጢር እንዲጠብቅ ፈርሟል፣ ዝርዝሩን ግን ማንም አላብራራለትም። በማያውቀው ድንበር አጠገብ የሚኖር ሰው ከድንበሩ ርቆ ይቆማል። ሁለተኛው፣ በአገራችን ሊንክድኢን በአብዛኛው የሥራ መፈለጊያ ተደርጎ ይታያል። ገጹን ያደሰ፣ ፎቶ የቀየረ ሰው «ሊለቅ ነው» ይባላል። የቅርብ አለቃው ይህን የሚል ከሆነ ሠራተኛው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ሲጫወት ውሎ ሊንክድኢን ላይ ድምፁን ያጠፋል። ሦስተኛው የደንበኛ ቁጣ ነው። ባንክ የሚሠራ ሰው ስለ ሥራው ቢጽፍ «እንኳን ደስ አለህ» ይባላል፤ የቴሌ ሰው ግን ገና ከመለጠፉ «መጀመሪያ ኔትወርኩን አስተካክሉ» የሚል ኮሜንት ይቀበላል። ደንበኛው እውነት አለው፤ «ሲስተም የለም» እየተባለ የተመለሰበት ቀን አለ። ብቻውን የሚቀበለው ግን ስህተቱን ያልሠራው ሠራተኛ ነው።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ከእነዚህ ነው። ለመጀመሪያው መፍትሔው አንድ ገጽ የሆነ ግልጽ መመሪያ ነው፤ አሥር ገጽ ከሆነ ማንም አያነበውም። ሳይጠይቁ የሚጻፍ፦ የሙያ እውቀት፣ ሥልጠና፣ የምስክር ወረቀት፣ ድርጅቱ አስቀድሞ በይፋ ያወጣው ነገር ሁሉ፣ የሥራ ባልደረባ ምስጋና። ጠይቀው የሚጻፍ፦ ከሳይት ወይም ከማሽን ክፍል የተነሳ ፎቶ፣ የድርጅት ደንበኛ ስም፣ በመሠራት ላይ ያለ ፕሮጀክት። ፈጽሞ የማይጻፍ፦ የብልሽት መንስኤ ድርጅቱ ከመናገሩ በፊት፣ የሳይት ትክክለኛ ቦታና የመጠባበቂያ ኃይሉ ሁኔታ፣ የመቆጣጠሪያ ሲስተም ስክሪን ፎቶ፣ የደንበኛ ስልክ ቁጥርና የጥሪ መረጃ፣ የጨረታ ዋጋ፣ ያልወጣ የሽያጭና የትርፍ አኃዝ። የመጨረሻው ድሮ እንዲህ አያሳስብም ነበር፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ካቀረበ ወዲህ ግን በዘርፉ ያልታወጀ የገቢ ቁጥር ተራ ወሬ አይደለም።

«ጠይቀው» ለሚለው አንድ ሰውና አንድ ተተኪ በስም ይመደብ፣ መልሱም በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ይሰጥ። ፈቃድ ጠይቆ ሳምንት የጠበቀ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም፤ አይጽፍምም።

ፎቶ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጥፋቱ በአብዛኛው እዚያ ነው የሚመጣው። ቴክኒሺያኑ ሥራውን ጨርሶ የስፕላይስ ክሎዠሩን (የተበየዱ ፋይበሮች የሚቀመጡበትን ሳጥን) ትሪ ከፍቶ ፎቶ ያነሳል። እሱ የሚያየው በቀለም ተራ የተደረደሩትን ፋይበሮች ነው፤ ሰማያዊ፣ ብርቱካን፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ እያለ፤ በእርግጥም ያምራል። ሌላው ሰው የሚያየው ግን ትሪው ጠርዝ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ነው፤ የመስመር ኮድ፣ የሳይት ቁጥር፣ አንዳንዴም የባንክ ወይም የመሥሪያ ቤት ስም ተጽፎባታል። ከጀርባው ደግሞ የአዘዞ መንገድ ላይ ያለ የታወቀ ሕንፃ ይታያል። ደንቡ ቀላል ነው። ከማንሳት በፊት የስልኩን ካሜራ የቦታ መመዝገቢያ ማጥፋት፤ ሌብል፣ ሲሪያል ቁጥርና ስክሪን ከፎቶው ቆርጦ ማውጣት። ማደብዘዝ አይበቃም፤ ስስ ብዥታ አንዳንዴ ስለሚነበብ መቁረጥ ይሻላል። የባልደረባ ፊት ካለበት ፈቃዱን መጠየቅ። ታወር ላይ የወጣ ሰው ከሆነ የደኅንነት ቀበቶውንና የራስ ቁሩን ማየት፤ ቀበቶ ሳያስር የተነሳ «የጀግና» ፎቶ ድርጅቱን ከማስተዋወቅ ይልቅ ሊያስከስሰው ይችላል።

ምን ይጻፍ?

ለሠራተኛው የተዘጋጀ ጽሑፍ አይስጡት፤ ጥሬ ዕቃ ይስጡት። በሳምንት አንድ ጊዜ ሦስት የተረጋገጡ ፍሬ ነገሮችና ሁለት ንጹሕ ፎቶ በቴሌግራም ግሩፓችሁ ቢለቁ በቂ ነው፤ ቃሉን ራሱ ያዋጣ። ልዩነቱን በአንድ ማሳያ ልግለጽ። የተለመደው እንዲህ ነው፦ «ዛሬ ከቡድናችን ጋር የተቆረጠ ፋይበር ጠግነን አገልግሎት መልሰናል። ኩራት ይሰማናል!» ይህን ያነበበ ሰው ምንም አያተርፍም። ያው ቴክኒሺያን በሚያውቀው ነገር ቢጽፈው ግን፦

«ፋይበር ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚደረገው ቁፋሮ ሳይሆን ልኬት ነው። ኦቲዲአር የሚባለው መሣሪያ ከአንዱ ጫፍ ብርሃን ልኮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ብርሃን በመስታወቱ ውስጥ በ1 ማይክሮ ሰከንድ 200 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ ደርሶ መልሱ 30 ማይክሮ ሰከንድ ከፈጀ ቁርጡ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ግን 3 ኪሎ ሜትር በመኪና ለክቶ መቆፈር ያሳስታል፤ በየማንሆሉ የተጠቀለለ ትርፍ ኬብል ስላለ ፋይበሩ ከመንገዱ ይረዝማል። ለዚህ ነው ቁፋሮ ከመጀመራችን በፊት ትርፉን የምንቀንሰው። ከተበየደ በኋላ በመገጣጠሚያው የሚጠፋው ብርሃን ከ0.1 ዴሲቤል እንዳይበልጥ እንለካለን፤ ከበለጠ ቆርጠን እንደገና እንበይዳለን።»

ይህ ጽሑፍ ቦታ አልጠቀሰም፣ ደንበኛ አልጠራም፣ በኬብሉ ውስጥ ስንት ኮር (የፋይበር ክር) እንደተቆረጠም ሆነ አማራጭ መስመር መኖር አለመኖሩን አልተናገረም፤ ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያስቀምጠዋል፣ ሌላ ከተማ ያለ መሐንዲስ ይከራከርበታል፣ ደንበኛም ጥገና ለምን ሰዓታት እንደሚፈጅ ይገባዋል። ቆጠራዎ ላይ «ከራሱ የመነጨ» በሚለው አምድ የሚገባው አንድ እንዲህ ያለ ፖስት ከ20 ባዶ ሪፖስት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ጎንደር ደግሞ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ጥር 11 ቀን በአፄ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ዙሪያ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያስቡ። ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ቪዲዮ አልላክ የሚለው ለምንድን ነው? የሬዲዮ መሐንዲስ መልሱን ያውቀዋል። ሲግናሉ የሚያሳየው ጣቢያው መሰማቱን ነው፤ ወረፋውን አያሳይም። ኔትወርክ በአዘቦት ቀን የሚሰናዳው ሰው ብዙ እንዲያወርድና ጥቂት እንዲልክ ታስቦ ነው፤ በጥምቀት ግን ሁሉም በአንድ ደቂቃ መላክ ይፈልጋል። በ3ጂ ላይ ደግሞ የአንዱ ስልክ ሲግናል ለሌላው ረብሻ ስለሆነ ጭነቱ ሲበዛ ጣቢያው የሚሸፍነው ቦታ ራሱ ይጠባል። ይህን በጥር መጀመሪያ «ቪዲዮውን ከሰዓታት በኋላ ብትልኩት በአንዴ ያልፋል» ከሚል ምክር ጋር የጻፈ ሠራተኛ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ድርጅቱን ጠቅሟል። የኮሪደር ልማት ቁፋሮ ሲኖር ኬብል እንዴት እንደሚጠበቅ፣ በክረምት መብረቅ ጣቢያን እንዴት እንደሚጎዳና መሬት ማስያዣው ምን እንደሚሠራ፣ ሰው ፒን ቁጥሩን ለማንም መስጠት ለምን እንደሌለበት፤ የደንበኛ ማእከል ሠራተኛ እንኳ የመጨረሻውን በየቀኑ ያስረዳዋልና ሊጽፈው ይችላል።

ስለ አጻጻፉ ጥቂት ቴክኒካዊ ነገር። አንድ ፖስት እስከ 3,000 ፊደል ይይዛል፤ ሳይከፈት የሚታየው ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት መስመሮች ናቸው፤ ስለዚህ «ዛሬ በታላቅ ደስታ» ብሎ መክፈት ዋናውን ቦታ ማባከን ነው። ስም ሥር የሚጻፈው ማስተዋወቂያ 220 ፊደል ነው፤ እሱን በእንግሊዝኛ፣ ፖስቱን ደግሞ ለማን እንደሆነ አይቶ መጻፍ ይሻላል፤ ለጎንደር ደንበኛ በአማርኛ፣ ለሙያ ጓደኛ በእንግሊዝኛ። በአንድ ፖስት ሁለቱንም መደርደር ሁለቱንም አንባቢ ያደክማል። ከቢሮ የመጣ የአማርኛ መግለጫ በድሮ ፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ከሆነ ሲለጠፍ ትርጉም የሌለው ምልክት ስለሚሆን አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር። ፒዲኤፍ እስከ 100 ሜጋ ባይት ይፈቀዳል፤ በሞባይል ዳታ የሚያየውን ሰው አስበው ከ2 ሜጋ ባይት በታች ያድርጉት።

ለኮሜንት ቁጣው ሠራተኛውን ብቻውን አይተዉት። መልሱ ሦስት ነገር ብቻ ይኑረው፦ ችግሩን አለመካድ፣ ደንበኛው የት እንደሚያመለክት፣ እና እርስዎ ጋ እንደሚያደርሰው። «ይህ እንዳጋጠመዎት ይቅርታ። እኔ የምሠራው ሌላ ክፍል ነው፤ ቦታውንና ሰዓቱን ለደንበኛ አገልግሎት ቢነግሩልኝ ይመዘገባል፤ እኔም ለሚመለከታቸው አስተላልፋለሁ» ይበቃል። ስልክ ቁጥር በኮሜንት አይጠየቅ፣ መንስኤ አይገመት፣ «ነገ ይስተካከላል» አይባል። ያስተላለፈው ነገር በእውነት ወደ ጥገና ክፍል መድረሱን የሚያረጋግጠው እርስዎ ነዎት፤ ደንበኛው ሁለተኛ ጊዜ ጠይቆ ያው መልስ ከተሰጠው ሠራተኛው ይዋረዳል፣ ከዚያም ዝም ይላል።

የ«ሊለቅ ነው» ወሬን የሚሰብረው ኃላፊው ራሳቸው ናቸው። በወር ሁለት ጊዜ ቢጽፉ፣ በሳምንት አሥር ደቂቃ ወስደው በሠራተኛው ፖስት ሥር ቁም ነገር ያለው ኮሜንት ቢተዉ፣ ከማንኛውም ትእዛዝ ይልቅ ይሠራል። ኮሜንቱ «በርታ» ከመሆን ይልቅ ጥያቄ ቢሆን ይመረጣል፤ «ትርፍ ኬብሉን ስንት ሜትር ትይዛላችሁ?» የሚል ጥያቄ ሰውየውን ሁለተኛ ፖስት ያስጽፈዋል። ሽልማት ካሰቡ በፖስት ብዛት አያድርጉት፤ በሩብ ዓመቱ ባልደረቦቹ ብዙ የተማሩበት ፖስት በሚል ይሁን፤ ዳኞቹም ከተለያየ ክፍል የተውጣጡ ሦስት ሰዎች ይሁኑ።

ለመጀመሪያው ሪፖርት ግብ አያስቀምጡ፤ መነሻውን ብቻ ይያዙ። ከስድስት ወር በኋላ ያጋሩት ሰዎች ከ12 ወደ 20 ቢደርሱ፣ ሚዲያኑ ከ2 ወደ 3 ቢያድግ፣ ከራሳቸው የመነጩት ፖስቶች ከባዶ ሪፖስቶች ቢበልጡ ጥሩ ሂደት ነው። የአንድን ሰው ፖስት ስንት ሰው እንዳየው የሚያየው ጸሐፊው ብቻ ስለሆነ ያንን ከፈለጉ በፈቃዱ እንዲልክልዎ ይጠይቁ፣ ካልፈለገ ይተዉት። የድርጅቱን ገጽ አኃዝ ግን በየወሩ መጨረሻ አውርደው በራስዎ ኮምፒውተር ያስቀምጡ። ለኃላፊዎ የሚያቀርቡት የመጀመሪያው ገጽ ላይ አራቱን ቁጥሮች፣ ሚዲያኑን፣ የአምስቱን ዓይነት ክፍፍልና ያካፈሉበትን ቁጥር ይጻፉ፤ ከሥሩም የመመሪያውን ረቂቅ አያይዘው ፊርማቸውን ይጠይቁ። ቆጠራው ከተፈረመው መመሪያ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰኞ ይጀመር።